ሮዝ የሆኑት ክላራዎች

ባለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ይዤ የወረድኩት 60 የፌልት አሻንጉሊት ነበር፤ የፈረንጅ ገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል። ያዘዘችኝ ደንበኛዬ የስጦታ ሱቅ አላት። ቻይኮቭስኪ ሙዚቃውን ከደረሰለት፣ በ1892 እ.ኤ.አ. ሴንት ፒተርስበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየው “ነትክራከር” ከተባለው ባሌ ሦስት ሰዎች መርጣለች፦ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ክላራ፣ ቀይ ኮት ያለው ወታደር፣ የአይጦቹ ንጉሥ። ባሌው የተወሰደበት ተረት ላይ ንጉሡ ሰባት ራስ አለው። እኔ በአንድ ጨረስኩት፤ በዚያ ዋጋ ሰባት ራስ ማን ይሰፋል?

ፌልት ሱፉ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታሽቶ የተጣበቀ እንጂ የተሸመነ ስላልሆነ ጠርዙ አይተረተርም፤ መቀምቀም የለም። ጣጣው ቀለሙ ነው። ሞያሌ ስንደርስ ዝናብ ወረደ፤ ሻንጣዬ ፖርቶ መጋላ ላይ ነበር። ናይሮቢ ስፈታው የወታደሮቹ ኮት ቀለም ለቅቆ 11 ክላራዎች ሮዝ ሆነዋል።

ከሥር ልደብቃቸው ቃጥቶኝ ነበር። ግን እሷ ዘንድ የምመለስ ሰው ነኝ፤ ለይቼ ፊቷ አስቀመጥኳቸው። 49ኙን ቆጥራ ከፈለችኝ፤ ስለ ከርሞ ምንም አላለችም።

ደግነቱ የእኛ ገና 13 ቀን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። አንዲት የሀገሬ ልጅ “ሮዟ ታምራለች” ብላ ለልጆቿ ስድስቱን ወሰደች። አምስቱ እኔው ጋ ናቸው። አሁን ቀዩን ሳልቆርጥ በፊት ቁራጩን አርጥቤ ነጭ ጨርቅ ላይ እጫነዋለሁ።