ከጅሬን ኮረብታ እስከ ጌራ ደን

ተራራ ወጥቶ፣ ደን ተመልክቶ መመለስ ሲታሰብ የብዙዎቻችን ልብ ወደ ሰሜን ተራሮች ያዘነብላል። ታሪክን ከእግር ጉዞ ጋራ አስተባብሮ ለማየት ለሚወድ ቤተ ሰብ ግን፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጅማ ብዙ የምታሳየው አላት። እኛም ባለፈው ኅዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ልጆቻችንን ይዘን ወደዚያው ወረድን።

በመጀመሪያው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ጅሬን ኮረብታ ወጣን። በዚያ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። እኒህ ንጉሥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ ከመዋጋት ይልቅ ግብር መክፈልን መርጠው አገራቸውን ከጥፋት አዳኑ። ከኮረብታው በታች በነበረው በሂርማታ ገበያም ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ይገናኝ ነበር። ሰላም ባለበት ንግድ እንደሚለማ ከዚያ ሰገነት ሥር ቆሞ ማስተዋል አያዳግትም።

በማግሥቱ በአጋሮ በኩል ወደ ጌራ ተጓዝን። በየመንገዱ ዳር ቀይ ቡና በቆጥ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከመኪና ወርደን ወደ ደኑ ስንገባ መንገዱ ስለሚያዳልጥ ሁላችንም ምርኩዝ ቆረጥን። ከላይ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይወረወራል፤ ከዋንዛውና ከሰሳው ጥላ ሥር የቀትር ብርሃን እንኳ ደብዛዛ ነው። ትንሿ ልጃችን ደክሟት፣ «አባባ፣ የቡናው እርሻ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው?» ብትል፣ መንገድ የመሩን የአገሩ ሽማግሌ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ከመካከሉ ቆመሽ ነውኮ የምትጠይቂው» አሏት። በእርግጥም በግራና በቀኝ የከበበን ቀጭን ዛፍ ሁሉ፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና ነበር።

ይህ ደን ለዓይን ደስታ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ በአገራችን ታየ። በዚያን ጊዜ በጅማ የነበሩ የእርሻ ተመራማሪዎች ወደ ምዕራቡ ደኖች ገብተው፣ በሽታው ካልጎዳቸው ዛፎች ዘር መረጡ። ከነዚያ ምርጥ ዘሮች 741 የተባለው ከዚሁ ከጌራ የተገኘ ነው፤ 74110 እና 74112 ደግሞ ከመቱ አካባቢ ተገኙ። በስማቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን የ1974 እ.ኤ.አ. ዓመት ያመለክታል። እንግዲህ ደኑ በክፉ ቀን የተከፈተ የዘር ጎተራ ሆነ ማለት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የካፋንና የያዮን የቡና ደኖች በጥብቅ የሕይወት ሥፍራነት መመዝገቡም የዚህ ዓይነቱን ሀብት ዋጋ በመገንዘብ ነው።

ጎተራን አፍርሶ እህል የሚጠብቅ ገበሬ የለም። ዛፉ ለከሰልና ለእርሻ ሲመነጠር ግን፣ ነገ ለሚመጣው በሽታ መድኃኒት የሚሆነው ዘር አብሮ ይጠፋል።

ወደ ጌራ የምትሄዱ ሁሉ የአገሩን ሰው መሪ አድርጉ፤ የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ፤ ቅርንጫፍ አትስበሩ። ከሁሉ በላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የእኛይቱ ልጅ ቤታችን ተመልሰን ቡና በተፈላ ጊዜ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ለጎረቤቶቻችን ስለዚያ ጥላ ስትናገር አመሸች።