ለእናቴ ቦታ ያላት መኪና
ከአሌክሳንድሪያ እስከ ኮሎምበስ የተደረገ የቤተሰብ ጉዞ



መኪና መምረጥ የኪስና የጋራዥ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። የምንኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በምትገኘው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና ከወሎ መጥታ አብራን የምትኖረው እናቴ፣ በድምሩ ስድስት ነን። የነበረችን መኪና ካምሪ ሃይብሪድ ነበረች። በነዳጅ በኩል እንከን አይወጣላትም፤ ነገር ግን የምትይዘው አምስት ሰው ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ኮሎምበስ የምትኖረው እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ለጉዞ ስንሰናዳ የገንፎው ዱቄት፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ጀበናውና የልጆቹ ሻንጣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ሞላው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ወንበሮቹን በዓይኗ ቆጠረች። ከዚያም «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ፤ ዱቄቱን እንዴት እንደምታማስሉት ለሚስትህ ነግሬያታለሁ» አለችኝ። ቋንቋውን ስለማታውቅ ብቻዋን በአውሮፕላን መሄድ ትፈራለች። ሄድን። እህቴ በሯን ከፍታ ከኋላችን ስትመለከት፣ «እማዬስ?» ያለችው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለአራስ ልጇ ገንፎ ማገንፋት የሚገባት እናት የቀረችው በአንድ ወንበር ምክንያት ነበር።

ሳሎን ውስጥ የተደረገ ምክክር

ከዚያ ስንመለስ መኪና መለወጥ እንዳለብን ተስማማን። የትኛዋን በሚለው ላይ ግን ተለያየን። የመጀመሪያው ልጃችን ከፍ ያለችና ግርማ ያላት ባለሦስት ረድፍ መኪና አማረው። እውነቱን ለመናገር እኔም አምሮኝ ነበር፤ መስጊድ ደጃፍ ላይ ስትቆም ታምራለችና። ባለቤቴ ግን እርሳስና ወረቀት ይዛ ቀረበች።

«መጀመሪያ ሰው እንቁጠር፣ ቀጥሎ ሻንጣ፣ ከዚያ ነዳጅ፤ ማማር መጨረሻ ላይ ይምጣ» አለች።

በዚህ ቅደም ተከተል ስንሄድ ብዙው ነገር በራሱ ጠራ። ራቭ 4 ሃይብሪድ ከ37 ኪዩቢክ ጫማ የሚበልጥ ዕቃ ትጭናለች፤ በጋሎንም 40 ማይል ያህል ትሄዳለች። ግን አምስት ወንበር ናት፤ ወጣች። ሃይላንደር ሃይብሪድ ሦስት ረድፍ አላት፤ የፊት ጎማ የሚነዳት ዓይነቷ በጋሎን 36 ማይል ትሄዳለች። ነገር ግን ሦስተኛው ረድፍ ተዘርግቶ ሰው ሲቀመጥበት ከኋላው የሚተርፈው 16 ኪዩቢክ ጫማ ብቻ ነው። የእኛ ካምሪ የኋላ መጫኛ 15 ነው። ማለትም በዚያ ሁሉ ቁመትና ግርማ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሲሳፈር፣ የምናተርፈው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነው!

ሲዬና የምትባለው ሚኒቫን ከ2021 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምትሠራው በሃይብሪድ ብቻ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ሰው ትይዛለች። ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ ጎድጎድ ያለ 33.5 ኪዩቢክ ጫማ መጫኛ አላት። የፊት ጎማ የሚነዳት ዓይነቷ በመንግሥት ምዘና በጋሎን 36 ማይል ትሄዳለች፤ ይህም በሊትር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ልጄ «የአሮጊቶች መኪና» ብሎ አጉረመረመ። እናቱም «አዎ፤ አንዲት አሮጊት እቤት አሉን» አለችው። ልጁ ዝም አለ።

ቢሆንም በወረቀት ብቻ አላመንንም። ለሦስት ቀን አንዲት ሲዬና ተከራየንና ወደ ኮሎምበስ መንገድ ጀመርን። በዚህ ጊዜ የተሳፈርነው ስድስታችንም ነን።

ተራራው ላይ

ከአሌክሳንድሪያ ኮሎምበስ ከ400 ማይል (ከ640 ኪሎ ሜትር) በላይ ነው። እስከ ፍሬድሪክ ያለው መንገድ መኪና የሚተራመስበት ነው። ሃይብሪድ የሚያዋጣውም እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ቆም ሄድ ሲባል የቤንዚኑ ሞተር ይጠፋና መኪናዋ በኤሌክትሪክ ሞተር በዝምታ ትንፏቀቃለች። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ጠፋች እኮ!» ብላ ደነገጠች።

ሃንኮክ ከምትባለው ከተማ በኋላ ወደ አውራ ጎዳና 68 ስንገባ ሜሪላንድ ተራራ በተራራ ላይ ሆነች። መጀመሪያ የሚያጋጥመው ሳይድሊንግ ሂል ነው። መንገድ ሠሪዎቹ በ1980ዎቹ ተራራውን ከአናቱ ወደ 340 ጫማ (100 ሜትር ያህል) ጥልቀት ቆርጠው አልፈውበታል። የተቆረጠው ግድግዳ ላይ የድንጋዩ ንብርብር እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ወደ ታች ታጥፎ ይታያል። በአውራ ጎዳናው ላይ የእግረኛ ድልድይ ያለው ማረፊያ ስላለ ወረድን፤ ዙህርና ዐስርን አሳጥረን ሰገድን። እናቴ ከተሰገደ በኋላ ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየችና «ሱብሓነላህ፤ ጣርማ በር መሰለኝ» አለች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ያንን ቁልቁለትና ጣሊያን ያሠራውን ዋሻ አይረሳውም። እናቴ የምታስታውሰው የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ከባድ ማርሽ አስገብተው እያጓሩ ሲወርዱና የተቃጠለ ፍሬን ሲሸት ነው።

ይህች መኪና ቁልቁለቱን የምትወርደው በሌላ ዘዴ ነው። ነጂው እግሩን ከቤንዚን መርገጫው ሲያነሣ ወይም ፍሬን ቀስ አድርጎ ሲረግጥ፣ ጎማዎቹ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ሞተሩም ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል። በሌሎች መኪኖች ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ጉልበት እዚህ በከፊል ተቆጥቦ ለሚቀጥለው ዳገት ይውላል። እውነቱን ሳልደብቅ ግን፣ ቁልቁለቱ ሲረዝም ባትሪው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ትርፍ የለም፤ እንደ ማንኛውም መኪና ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማል። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዳም ጥቅሙ ከከተማው ያነሰ ነው። ስድስት ሰው፣ ሙሉ ጭነትና ማቀዝቀዣ ይዘን በዚያ ተራራ ያሳየችን አማካይ በጋሎን 34 ማይል ነበር።

የድሮው መንገድና የድሮው ጭነት

ከተራራው ወርደን ከምበርላንድ ስንደርስ ለልጆቼ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። የአሜሪካ መንግሥት በራሱ ወጪ ያሠራው የመጀመሪያው ታላቅ መንገድ በ1811 የተጀመረው ከዚህች ከተማ ነው። በ1818 የኦሃዮን ወንዝ ዊሊንግ ላይ ነካ፤ በ1833 ደግሞ ኮሎምበስ ገባ። ወደ ምዕራብ የሚሰደዱ ቤተሰቦች በፈረስና በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ያለፉት በዚህ መንገድ ነው። እነርሱም እንደ እኛው የሚጫነውንና የሚቀረውን እየመረጡ ነበር የተነሡት።

ከሞርጋንታውን ወደ ሰሜን ታጥፈን ዊሊንግ ስንገባ በ1849 የተሠራውን ተንጠልጣይ ድልድይ አየን። ይህ ድልድይ በ2019 ለመኪና ተዘግቷል፤ ከተፈቀደው በላይ የከበዱ ተሽከርካሪዎች የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ንቀው እየተሻገሩ ስላስቸገሩ ነው። ባለቤቴ ይህን ሰምታ የሾፌሩን በር ከፈተች። በሩ ማዕቀፍ ላይ ተሳፋሪና ጭነት በአንድነት ከዚህ ክብደት አይብለጡ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስንት ዘመን መኪና ስነዳ አንብቤው አላውቅም! ቦታ አለ ማለት ክብደቱ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ስድስት ሰው ሲደመር ብቻውን ብዙውን ይወስደዋል።

ኮሎምበስ

ኮሎምበስ ብዙ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ስንደርስ መግሪብ ተቃርቦ ነበር። እህቴ በሩን ከፈተች፤ በዚህ ጊዜ ማንም «የት አለች» አላለም። እናቴ አንድ ዓመት የሞላውን የልጅ ልጇን ታቅፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ዱዓ አደረገች። በማግስቱ ገንፎ አገነፋች። «ይህ የዓምናው ነው፤ ዘግይቶ ደረሰ» አለች። እህቴ እየሳቀች በላች፤ እየበላችም አለቀሰች።

ለሚገዛ ሰው የምንለው

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ጉዞ የተማርነውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የዕቃ መጫኛውን ስትለኩ ወንበሮቹ ሁሉ ተዘርግተው፣ ቤተሰባችሁ ተቀምጦ ይሁን። ሻጮች የሚነግሯችሁ ትልቁ ቁጥር ወንበሩ ታጥፎ የሚለካው ነው። የራሳችሁን ሻንጣዎችና የሕፃን ጋሪ ይዛችሁ ሂዱና ጭናችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛ፣ የማይመቸውንም እወቁ። የአዲሷ ሲዬና መካከለኛ ወንበሮች ወደ ፊት ይሳባሉ እንጂ እንደ ድሮዎቹ ተነቅለው አይወጡም፤ አልጋ ወይም ፍሪጅ ለማጓጓዝ ያሰበ ሰው ያዝናል። ስኮርታ ጎማ መኖሩንም ጠይቁ፤ ብዙ ሃይብሪዶች በእርሱ ፋንታ የጎማ መጠገኛ ዕቃ ብቻ ይዘው ይመጣሉ።

ሦስተኛ፣ ባትሪው አየር ይፈልጋል። በብዙ ሃይብሪዶች ወንበር ሥር ወይም አጠገብ የአየር መሳቢያ ወንፊት አለ። በነጠላ፣ በፌስታል ወይም በሻንጣ አትድፈኑት፤ አቧራውንም አስጠርጉ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የሚሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይቆጠራል። ያገለገለ ስትገዙ ምን ያህል እንደቀረው አስሉ፤ ባትሪውንም በባለሙያ አስፈትሹ።

አራተኛ፣ ሒሳቡን በራሳችሁ ኑሮ ሥሩት። በዓመት 15,000 ማይል የሚነዳ ሰው በጋሎን 22 ማይል በምትሄድ መኪና 682 ጋሎን ያህል፣ 36 በምትሄደው ደግሞ 417 ጋሎን ያህል ያቃጥላል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ብንይዘው ልዩነቱ በዓመት ከ900 ዶላር በላይ ነው። ነገር ግን ጥቂት ለሚነዳ ሰው የሃይብሪዷ የዋጋ ብልጫ በቶሎ ላይመለስ ይችላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ክፍያው ነበር። አዲሷን በወለድ ብድር ያንኑ ቀን ይዘን መውጣት እንችል ነበር። ልጃችን እንኳ «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚገዛው» ብሎን ነበር። እኛ ግን ከወለድ ለመሸሽ ስንል ካምሪዋን ሸጠን፣ የቆጠብነውን ጨምረን፣ ያገለገለች ሲዬና እስክናገኝ አምስት ወር ታገሥን። እነዚያን ወራት በአውቶቡስና በባቡር ነበር የምንሄደው፤ ቀላል አልነበረም። የገዛናት መኪና በስተቀኝ በኩል ጭረት አለባት፤ ቀለሟንም ማንም አልወደደውም። ዕዳዋ ግን የለብንም፤ አልሐምዱሊላህ።

ቤት ያመጣናት ዕለት ማታ እናቴ ወጥታ ተንሸራታቹን በር ራሷ ከፈተችና መካከለኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። የትም አንሄድም ነበር። ጥቂት ቆይታ «ይህች የእኔ ናት?» አለችኝ፤ ወንበሯን ማለቷ ነው።

«የአንቺ ናት፣ እማዬ» አልኳት።

አላህ መንገዳችሁን የቀና ያድርገው። ወሰላሙ ዐለይኩም።