ቀጥ ላለ ቁመና የሚስማማ ልብስ

እኔ ከደረት እስከ ዳሌ ቀጥ ብዬ የወረድሁ ሴት ነኝ። ሜትር ሲዞርብኝ ደረቴ 88፣ ወገቤ 79፣ ዳሌዬ 91 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዘፈን የምትሞገሰው ሴት ወገቧ የቀጠነ፣ ዳሌዋ የሰፋ በመሆኗ፣ እንደ እኔ ያለችውን እኅት ከልጅነቷ ጀምሮ «ጣውላ» የሚል የቀልድ ስም ይከተላታል። ስሙን ከቁም ነገር ባትቈጥረው እንኳ የበዓል ልብስ የሚሰፋበት ቀን ሲደርስ ትዝ ማለቱ አይቀርም። በወታደር ቤት ደግሞ ለልብስ የሚተርፈው ገንዘብ የታወቀ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰፋው ቀሚስ ከተበላሸ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚለበሰው ያው የተበላሸው ነው። ስለዚህ ነገሩ የቅንጦት ብቻ አይደለም።

ይህ ቁመና ጉድለት ነው የሚል ካለ የፋሽንን ታሪክ ይመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1920ዎቹ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ወገብን ከነጭራሹ ረስተው ቀሚሱን ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ አድርገው ሲለቁት፣ የተፈለገችው ሴት ቀጥ ያለችው ነበረች። በ1947 ክርስቲያን ዲዮር ወገቡ የጠበበ፣ ከታች በሰፊው የተዘረጋ ቀሚስ አወጣና ተራው የሌሎቹ ሆነ። በ1966 ደግሞ ትዊጊ የተባለችው ቀጭን እንግሊዛዊት ታዋቂ ስትሆን ተራው ወደ እኛ ተመለሰ። በ2005 ገደማ ከ6,000 በላይ ሴቶች በተለኩበት አንድ የአሜሪካ ጥናትም ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ቀጥ ያለ ቁመና ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ብቻችንን አይደለንም ማለት ነው።

ስለ አለባበስ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ከባለቤቴ የደንብ ልብስ ነው። ልብሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ከላይ እስከ ታች እንደ ጆንያ ቀጥ ያለ ነው። ቀበቶው ሲታጠቅ ግን ከበላዩ ትከሻው፣ ከበታቹ የልብሱ ጫፍ ሰፋ ይልና በመካከሉ ወገብ ብቅ ይላል። ክዳን ያላቸው የደረት ኪሶችም ደረቱን ሞላ ያደርጉታል። ቀበቶው ከሰውየው ሥጋ ምንም አልቀነሰም፤ ከላይና ከታች ያለው ሰፍቶ መካከሉ ጠበበ እንጂ። ለእኛም ዋናው ነገር ይኸው ነው።

እናቶቻችን ይህን በመቀነት ሲሠሩበት ኖረዋል። የሐበሻ ቀሚስ በተፈጥሮው ቀጥ ያለ ነው፤ ጥለቱም ከአንገት እስከ እግር በአንድ መስመር ሲወርድ ቀጥ ያለችውን ሴት ይበልጥ ቀጥ ያደርጋታል። ስለዚህ ሸማኔ ዘንድ ስትሄዱ ጥለቱ ደረትና ጫፍ ላይ ሰፋ እንዲል ብታደርጉ መልካም ነው። መቀነቱንም ከጡት ሥር እስከ ዳሌ መጠቅለል ለብርድ ካልሆነ በቀር አይመከርም። በአራት ጣት ስፋት አጥፎ፣ በትክክለኛው የወገብ ቦታ ታጥቆ፣ ጫፉን በጎን መልቀቅ ይበቃል። ቦታው የጠፋባት እኅት ወደ ጎን ዘንበል ትበል፤ ሰውነቷ የሚታጠፍበት ስፍራ ወገቧ ነው።

ሐረር በነበርንበት ጊዜ በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ባገኘው ጠባብ መንገድ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሲሠሩ ቆሜ እመለከት ነበር። ጨርቁን ወገብ ላይ ከፊትም ከኋላም ቈንጥጠው ይሰፉና ከዚያ በታች ሽንሽን ይለቁታል። በምሥራቁ ክፍል የሚለበሰው ሰፊና ስስ ድሪያም ቀጥ ያለችውን ሴት የሚውጣት ይመስላል። የሶማሌ እኅቶቻችን ግን ጫፉን በአንድ ጎን ሰብስበው ከውስጥ ጉርዳቸው ወገብ ላይ ሽጉጥ ስለሚያደርጉት እጥፋቱ ለዳሌ ሙላት ይሰጠዋል። ለቈላ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ልብስ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት አንዲት በቅርብ ያገባች ጎረቤቴ ባሏ ከግዳጅ ቦታ የላከላትን 3 ሜትር ጨርቅ አቅፋ መጣች። ሰውየው ለፈቃድ ሊመጣ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

«እትዬ፣ ጥብቅ አድርገው ይስፉልኝ፤ ቅርጽ እንዲያወጣልኝ» አለችኝ።

ጥብቅ ልብስ ያለውን ያሳያል እንጂ የሌለውን አያመጣም ብላት አላመነችኝም። አልፈረድሁባትም፤ ጨርቁ አንድ ነው፣ መቀስ ካረፈበት በኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ በአሮጌ አቡጀዲ ሁለቱንም ዓይነት ቀድጄ በሰፋፊው ሸለልሁላት። ጥብቁን ለብሳ መስተዋት ፊት ጥቂት ቆመችና ራሷ አወለቀችው። ሁለተኛው አንገቱ ሰፋ ያለ፣ ደረቱ ላይ ትንሽ ሽንሽን ያለው፣ ወገቡ ተቈንጥጦ የተሰፋ፣ ከታች ክሎሽ ነበር። ለብሳው አንድ ጊዜ ዞረች፤ ጉርዱ ተከፈተ፤ «ይኸ ይሁን» አለች። ከዚያ በኋላ ነው መቀሴን በደኅናው ጨርቅ ላይ ያሳረፍሁት።

ባሏ መጥቶ ሲያያት «ሰፈሩ ተስማምቶሻል» አላት አሉ። ስለ ቀሚሱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔም ለሙያዬ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልጠብቅም።

እናንተም ወንድሞቻችን ጨርቅ ለመግዛት ስትነሡ «እንደዚችኛዋ ሴት ትሆናለች» እያላችሁ በገበያ ላይ ያለችውን ሻጭ በዓይናችሁ አትለኩ። የባለቤታችሁን ሦስት ቍጥሮች፣ የደረት፣ የወገብና የዳሌ፣ ቁመቷንም ጨምራችሁ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። ቀጥ ላለች ሴት የሚሰፋ ክሎሽ ጨርቅ ይበላልና፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነው ከ3 ሜትር አታሳንሱ። ሁለት ሜትር ይዛችሁ የመጣችሁ እንደ ሆነ ጉርድ ብቻ ይሰፋበታል፤ ሸሚዙን በሚቀጥለው ፈቃድ ታመጣላችሁ።