«በሽታው የመጣው ከማን ወገን ነው?»

የመጋቢ ሚስት ሆኜ ከባለትዳሮች ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትዳርን ቶሎ የሚያቆስለው ይህ ነው። ልጅ ሲታመም የባል እናት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ትላለች፤ የሚስት ወገንም ያንኑ ይመልሳል። አንዳንዱም «እርግማን ነው» ብሎ ይደመድማል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ ጥፋተኛ ፈልገው ነበር (ዮሐ. 9)፤ ጌታ ግን ጥፋቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። እስቲ ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ ይዘን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

በህዋሶቻችን ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ የተባለ፣ በ4 ፊደላት ብቻ የተጻፈ የመመሪያ መዝገብ አለ። መዝገቡ ከተቀመጠበት አይወጣም፤ የሚፈለገው ክፍል ብቻ አር.ኤን.ኤ በሚባል ቅጂ ተገልብጦ ይላካል። ራይቦዞም ቅጂውን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነባል፤ በየሦስቱ ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ እንደ ዶቃ ይሰካል። የዶቃዎቹ ዓይነት 20 ነው። «ቁም» የሚል ምልክት ላይ ሲደርስ ይለቀዋል፤ ክሩም ተጣጥፎ ፕሮቲን ይሆናል።

በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቤታ የተባለው ክሩ 146 ዶቃዎች አሉት። በሲክል ሴል ግን ከመዝገቡ አንዲት ፊደል ተለውጣለች፤ በዚህም 6ኛው ዶቃ ግሉታሚክ አሲድ መሆኑ ቀርቶ ቫሊን ይሆናል። ይህን የዶቃ ለውጥ ቨርነን ኢንግራም በ1957 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። በዚህች በአንዲት ዶቃ ምክንያት ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲያስረክብ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቀዩ የደም ህዋስ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ ቀጭን የደም ሥር ይዘጋል፤ ልጁም በሕመም ይጮኻል።

እንግዲህ ከማን ወገን ነው? ልጅ መመሪያውን በ2 ቅጂ ይቀበላል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። በዋነኛው የበሽታው ዓይነት ሁለቱም ቅጂዎች የተለወጡ ናቸው። አንድ የተለወጠ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ከጽኑ ወባ ይጋርደዋል። ስለዚህ ሁለት ጤነኞች ተጋብተው ሳያውቁት ሁለቱም ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ ተሸካሚነት በደም ምርመራ ይታወቃል። አብራችሁ ሂዱ፤ ውጤቱንም አብራችሁ ስሙ። ዘመድ ሲጠይቅ ደግሞ ባል ሚስቱን ቀድሞ ይመልስ፦ «ከሁለታችንም ነው፤ አብረን እናስታምመዋለን።»