ለዘበኞቹ ስንቅ



በዚህ በስደት አገር ከቅዳሴ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባ፣ ሳሉ አልለቀቀኝም፤ ለማዳም ግን አልነግራትም» የሚሉኝ አሉ። ይህን ቃል ደጋግሜ ስለሰማሁ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ሰውነታችን ከእርሱ ጋር ስለሚያደርገው ተጋድሎ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም እረኛ የመንጋውን ሳል ሰምቶ ዝም ሊል አይገባውም።

ሰውነታችን ብዙ ቅጥር ያላት ከተማ ይመስላል። የመጀመሪያው ቅጥር ቆዳችን ነው። የመተንፈሻ ቧንቧችን ከአየር ጋር የገባውን አቧራና ተህዋስያን በንፍጡ ይይዛል፤ የጨጓራችን አሲድ ከምግብ ጋር የገባውን ይገድላል። ይህን ሁሉ አልፎ የሚመጣውን ጠላት ነጭ የደም ሕዋሳት ይጋፈጡታል። አንዳንዶቹ ይውጡታል፤ ሌሎቹ መልኩን ለይተው ያጠቁታል፤ ውጊያው ካበቃ በኋላም መልኩን የሚያስታውሱ ይቀራሉ። ክትባት የሚሠራው በዚህ ትዝታ ነው። ትኩሳትና ንፍፊትም ብዙ ጊዜ የዚሁ ተጋድሎ ምልክቶች ናቸው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ማግኘቱን ያስታወቀው የቲቢ ባክቴሪያ ግን ተንኰለኛ ነው። በአየር ገብቶ ሳንባ ሲደርስ ሕዋሳት ቢውጡትም፣ በውስጣቸው ሳይሞት ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ሌሎች ሕዋሳት ተጠራርተው ዙሪያውን ይከብቡትና እንደ ወኅኒ ግንብ ያጥሩበታል። ጠላት አልሞተም፤ ነገር ግን ታስሯል። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ በዚህ ባክቴሪያ እንደተያዘ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከእነዚህ ከ100 ሰዎች በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ዘበኞቻቸው ይጠብቋቸዋል።

እስረኛው የሚያመልጠው ዘበኛው ሲደክም ነው። የምግብ እጥረት፣ የስኳር በሽታ፣ ትንባሆና ኤችአይቪ ዘበኛውን ያደክሙታል፤ እንቅልፍ ማጣትም ኃይሉን ይቀንሰዋል። ደመወዟን ሁሉ ወደ አገር ቤት ልካ በሻይና በዳቦ የምትውል፣ ሌሊቱንም በስልክ የምታነጋ እኅቴ ሆይ፣ ይህ ላንቺ ነው። ለቤተሰብ ማሰብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስንቅ ያልደረሰው ወታደር ምሽግ አይጠብቅም። የምትበዪው ምሳና የምትተኚው ሌሊት የዘበኞችሽ ስንቅ ናቸው።

ፍርሃታችሁንም አውቃለሁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የደረት ራጅ ላይ የሚታይ የቲቢ ምልክት የመኖሪያ ፈቃድን ሊያስከለክል፣ ወደ አገር ሊያስመልስም ይችላል። ይህን ፍርሃት አላቃልለውም። ይሁን እንጂ ሳሉን የደበቀ ሰው በሽታውን አያቆመውም፤ ሳንባው ይጎዳል፣ አብረውት በአንድ ክፍል የሚያድሩትም ይያዛሉ። ቲቢ ግን የሚድን በሽታ ነው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወስዳል፤ መድኃኒቱ በሚገባ ከተወሰደ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ኃይሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ብቻውን መሄድ የከበደው ይጥራን፤ አብረነው እንሄዳለን።

በልጅነቴ በሰፈራችን የሳንባ ሕመምተኛ ብርጭቆው ተለይቶ ይቀመጥለት፣ ሰውም ከደጁ ይርቅ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በብርጭቆ አይደለም። እስኪሻለው አፉን ይሸፍን፣ መስኮቱም ይከፈት፤ ሰላምታችንን ግን አንንፈገው። አንድ ሕዋስ ብቻውን ያን ግንብ አይሠራም፤ እኛም የታመመውን ከብበን እንቁም።

እግዚአብሔር ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ።