የሰከረ ሰው በጓሳ ብርድ

የጓሳ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እዚህ ሰክሮ አወከ ተብሎ ስለተያዘ ሰው ሳስብ ከክሱ በፊት ብርዱ ያስጨንቀኛል። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳው ስለሚስበው ጠጪው ሞቀኝ እያለ የሰውነቱ ሙቀት ያመልጣል። ፖሊስ ከመንገድ ሲያነሳው ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ካስተኛው ግን ምኑን አተረፈው? ብርድ ልብስ ይደረብለት፤ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ በጎኑ ይተኛ፤ ሲጠሩት ካልነቃ በቶሎ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የጉዞው ጊዜ አይቆጠርም። የተያዘበት ምክንያትም በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ማታ ስካር ላይ ሆኖ የተነገረው አልገባውምና፣ እባካችሁ፣ ጠዋት ሲነቃ ድገሙለት።