ቤተ መጻሕፍትና የአያታችን ቢላዋ

ስለ ቤተ መጻሕፍት ጥቅም ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። የዕውቀት ምንጭ፣ የሥልጣኔ መሠረት እየተባለ ሲመሰገን ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። እኛም በተማሪነታችን ዘመን ይህንኑ ምስጋና ሰምተን፣ በፈተና ወረቀት ላይም ጽፈን፣ ማለፊያ ነጥብ ተቀብለንበታል። ይሁን እንጂ የምስጋናውን እውነተኛ ትርጉም ያወቅነው ከመምህር አፍ ሳይሆን እየጠወለገ ከሄደ አንድ የእንሰት ጓሮ ስለ ሆነ፣ ነገሩን እንደ ሆነው አድርገን ለአንባቢዎቻችን ልናወራ ወደድን።

የተወለድንበት አገር አሪቻ በጌዴኦ ምድር፣ ከይርጋ ጨፌ ከተማ የማይርቅ ከፍተኛ ሥፍራ ነው። ስሙን ከአገራችን ሰዎች ይልቅ የባሕር ማዶ ቡና ነጋዴዎች አብዝተው ያውቁታል፤ ቡናው በሚሸጥበት ከረጢት ላይ «አሪቻ» ተብሎ ይጻፋልና። እሸቱ ቡና ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ በአልጋ ላይ ደርቆ ከተጫነ በኋላ ግን ወዴት እንደ ደረሰ፣ ማንስ እንደ ጠጣው የለቀመው ሰው አያውቅም። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ ቤተ ሰቡን የሚያኖረው ግን እንሰቱ ነው። በጌዴኦ ጓሮ ትልልቁ ዛፍ ከላይ ጥላ ሆኖ፣ ቡናውና እንሰቱ ከሥሩ ተቀላቅለው ያድጋሉ። ይህም ከጥንት የመጣ አኗኗር በመስከረም 2016 ዓ.ም. «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ዝናቡ ቢዘገይ፣ የቡናም ዋጋ ቢወድቅ፣ እንሰት ያለው ቤት ፈጥኖ አይራብም፤ ቆጮው በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀዋልና።

እኛ የአንዲት አያት የልጅ ልጆች ስንሆን ቁጥራችን ሦስት ነው። በዲላ ከተማ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ በ1988 ዓ.ም. በተከፈተ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ አንዳችን የሌላችንን እግር እየተከተልን ገባንበት። ይህ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃሎ፣ ኋላም ራሱን ችሎ የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንናገር ዘንድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በዚያን ጊዜ ለእኛ የወንበርና የመብራት ቤት ነበር እንጂ የመጽሐፍ ቤት አልነበረም። ደብተራችንን ይዘን እንገባለን፤ መምህሩ ያጻፈንን ሸምድደን እንወጣለን። የካታሎጉን መሳቢያ ስበን ካርዱን ያገላበጥንበት ቀን አልነበረም።

በ1991 ዓ.ም. ለዕረፍት ወደ አሪቻ በሄድን ጊዜ፣ አያታችን ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ ወደ ጓሮ ወሰዱን። ከእንሰቱ አንዳንዱ መካከለኛ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጠውልጓል፤ ሌላውም እንደ ተሰበረ ክንፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ግንዱን ቆርጠው ሲያሳዩን ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ አወጣ። ከጎረቤት አንዱ «የሰው ዐይን ነው»፣ ሌላው «ምድሪቱ ደክማለች» ብሏቸዋል። እርሳቸው ግን በየማለዳው የታመመውን ቅጠል በቢላዋቸው እየቆረጡ፣ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ ሕመምተኛ እንደሚያስታምም ሰው ሲያስታምሙ ከርመዋል።

«ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህ ምን የሚባል ነው?» አሉን።

ሦስታችንም ዝም አልን። ያን ዕለት ማታ የቀረበልን ቆጮ በጉሮሯችን አልወርድ አለ።

ወደ ዲላ እንደ ተመለስን ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፊት ቆመን «ስለ እንሰት የተጻፈ መጽሐፍ እንፈልጋለን» አልነው። ሰውየው የመደርደሪያውን ቁጥር ነግሮ ሊያሰናብተን ይችል ነበር። እርሱ ግን ብዕሩን አስቀምጦ «ምን ልታደርጉበት ነው?» ሲል ጠየቀን። የአያታችንን ነገር ነገርነው። ከዚያም በዲዊ አመዳደብ እርሻ በ630፣ የተክል በሽታም በ632 እንደሚገኝ እያሳየን፣ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ጋራ እያመሳከረ፣ ከአንድ መጽሐፍ ጀርባ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ የጽሑፍ ስም አገኘልን። ጽሑፉ በመደርደሪያችን አልነበረም። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ፎቶ ኮፒው በፖስታ መጣ።

ጽሑፉ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ዳኛቸው ይርጉ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከእንግሊዛዊው ብራድበሪ ጋራ ሆነው፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን በ1960 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ የተክል በሽታ መጽሔት ላይ ያስታወቁበት ነው። ሠራተኛው ከዚያ ጋራ ስለ በሽታው መከላከያ የተዘጋጀ ትንሽ መምሪያ አክሎ ሰጠን። መምሪያው የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ በሽታው የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ከብት ቅጠሉን እንዳይበላ መጠበቅ፣ ከሁሉም አስቀድሞ ግን የመቁረጫውን መሣሪያ በእሳት ማጽዳት ያስፈልጋል፤ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል አብዝቶ የሚያሻግረው ቢላዋ ነውና።

ይህን ባነበብን ጊዜ ያገኘነው ዕውቀት ከደስታ ይልቅ ፍርሃት አመጣብን። አያታችን ያስታመሙበት ቢላዋ በሽታውን የዘራ መሆኑን ማን አፍ አውጥቶ ይነግራቸዋል? መንገዱን ሁሉ «አንተ ንገር»፣ «አንተ ታላቅ ነህ» እየተባባልን አሪቻ ደረስን። ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠን ወረቀቱን ዘርግተን፣ እንግሊዝኛውን በጌዴኦኛ እየመለስን እስከ መጨረሻው አነበብንላቸው። እርሳቸውም ቢላዋውን ከግድግዳው አውርደው በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ለረዥም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይህ መቼ የተጻፈ ነው?» አሉ።

«ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው።»

«የጻፈውስ ሰው የየት አገር ሰው ነው?»

«አንደኛው የኛው አገር ሰው ነው። የታተመው ግን በባሕር ማዶ ነው።»

«እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ከዚሁ ነበርሁ» አሉ። «መንገዱ ጠፍቷቸው ነውን?»

መልስ አልነበረንም። እርሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ ቢላዋውን ፍሙ ውስጥ ከተቱት። በማግሥቱ ቢላዋውን ወደ ተዋሷቸው ጎረቤቶች ቤት ሁሉ በእግራቸው ሄደው «በሽታውን ያመጣሁባችሁ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ከእንግዲህ ስለታችሁን በእሳት ሳትለበልቡ አትቁረጡ» ብለው ተናገሩ። እኛ ልናፍርበት የፈራነውን ነገር እርሳቸው ሳያፍሩ ተናገሩት። ከጓሮው ሲሶ የሚሆነው ተነቅሎ ተቀበረ፤ የቀረው ግን ተረፈ።

በዚያው ሰሞን ከእንሰቱ ዓይነት የትኛው በሽታውን እንደሚቋቋም፣ የትኛውም ቶሎ እንደሚሸነፍ፣ አያታችን በየስሙ እየለዩ ነገሩን። ያን በሁለቱ ገጽ ውስጥ አላገኘነውም ነበር። ጽፈን ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ብንሰጠው፣ ወረቀታችንን እንደ ትልቅ መጽሐፍ ቁጥር ሰጥቶ በመደርደሪያው ላይ አኖረው። መንገዱ ወዲያና ወዲህ የሚያስኬድ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳነው።

አንባቢ ሆይ፣ ዕውቀት እንደ አሪቻ ቡና ነው ብንል አልተሳሳትንም። ከጓሯችን ይለቀማል፤ በባሕር ማዶ ይዘጋጃል፤ ወደ እኛ ሲመለስ ግን ወይ ይወደዳል፣ ወይም ከነጭራሹ አይመለስም። ያ የእንሰት በሽታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ በተገኘ ጊዜ፣ የዓለም ሊቃውንት የኢትዮጵያን ጽሑፎች ፈልገው አነበቡ። እንዲሁም ታደሰ ኪጴ የተባሉት ምሁር ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ የጻፉት ሰፊ ጥናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የቀረበው በሆላንድ አገር በቫግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሊቅ ዕውቀትን ባገኘበት ሥፍራ ይጽፋል። የሚያስነቅፈው የተጻፈው ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ መንገድ ሳናበጅ ብንቀር ነው።

ዛሬ መንገዱ እጅግ አጥሯል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የጀመረው አጎራ የሚባለው አገልግሎት፣ እንደ ኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የእርሻ መጽሔቶችን በኮምፒውተር እንዲያነቡ ያደርጋል፤ ለጤናም ሒናሪ የሚባል አለ። አገራችንም በ2012 ዓ.ም. መባቻ ገደማ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚጻፍ ጥናት ለሁሉ ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ፖሊሲ አውጥታለች። እኛ ሦስት ሳምንት የጠበቅነውን ወረቀት የዛሬ ተማሪ ሻይ እስኪፈላ ድረስ ያገኘዋል።

ነገር ግን ከኮምፒውተሩ እስከ ጓሮው ያለውን የመጨረሻ መንገድ ምንም ዓይነት መሣሪያ አይሄድበትም፤ ሰው ብቻ ነው የሚሄድበት። ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲልክ ከመጽሐፍ ስም ጋራ ጥያቄም ያስይዛቸው። ተማሪውም ቤተ መጻሕፍቱን እንደ እኛ የወንበር ቤት አያድርገው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ደግሞ «ምን ልታደርጉበት ነው?» የሚለውን ጥያቄ አይርሳ፤ አያታችንን የረዳቸው ከመደርደሪያው ሁሉ ይልቅ ያ ጥያቄ ነበርና። ስለ አንድ አገር ጥናት የጻፈ ሁሉ፣ ከትልቁ ጥራዝ ጋራ ያ አገር በሚናገርበት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ቢያኖር፣ ድካሙ ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።

አያታችን ዛሬ በሕይወት የሉም። ቢላዋቸው ግን በአሪቻ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰክቷል፤ ስለቱም በእሳት ብዛት ጠቁሯል። እኛም ዛሬ ሦስታችንም መምህራን ሆነን፣ ስለ አገራችን አንድ ነገር ለመጻፍ ብዕር ባነሣን ቁጥር የእርሳቸው ጥያቄ ይመጣብናል። ልጆቻችን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያው እሳት ዳር ተቀምጠው ያንኑ ጥያቄ እንዳይጠየቁ፣ መንገዱን ዛሬ መጥረግ የኛ ፈንታ ነው።